ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ አትነሳም፦ ፕሮፔለር አየር ሲስብ ምን ይደረጋል?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ዳርቻ፣ ጎብኚ የምታመላልስ 5.5 ሜትር የፋይበር ጀልባ አለችን። ባዶ ክብደቷ 350 ኪሎ ገደማ ነው። ሞተሩ ሁለት ስትሮክ፣ 40 ፈረስ ጉልበት፣ በእጀታ የሚነዳ፣ አጭር እግር ነው። 3 ሰው ሆነን ትነሳለች፤ ጠበቅ አድርገን ስናዞራት ግን ሞተሩ ይጮኽና ትቀመጣለች። 8 ሰው ሲሞላ አፍንጫዋ ወደ ላይ ይነሳል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ ግን ያው እየተጎተተች ነው። መካኒክ «ዙሩ ስለበዛ ፒች ጨምሩ» ብሎን ፕሮፔለሩን ከ11 ወደ 13 ኢንች ቀየርን፤ ባሰባት። ዳር ላይ መሬት እየነካ ስላስቸገረን ከሞተሩ መንጠልጠያ ሥር 5 ሳ.ሜ. እንጨት አስገብተናል። ሌላ ፕሮፔለር እንግዛ ወይስ ሞተሩ ነው የደከመው?

ምላሽ፦

ሰላም ወንድሜ። ፕሮፔለር መግዛቱን ለጊዜው አቆየው። የገለጽከው ሁኔታ ፕሮፔለሩ ከውሃው ጋር አየር እየሳበ መሆኑን ነው የሚያሳየው። አየሩ የሚገባበት ቦታ ሳይዘጋ የሚገዛ ፕሮፔለር፣ ፒቹ (ሳይንሸራተት በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄደው ርቀት) 11 ሆነ 13 ኢንች፣ ያንኑ ችግር ይዞ ይቀጥላል። ከጻፍከው ውስጥ አንዱ መግቢያ ከወዲሁ ይታያል፤ እንጨቱ ነው። ሌሎችም ሊኖሩ ስለሚችሉ በቅደም ተከተል እንሂድ። ከአየር ጋር የማይገናኝ የጭነት ጉዳይም አለ፤ እሱን ወደ መጨረሻ በቁጥር እናየዋለን።

ጀልባ አልነሳ ስትል መጀመሪያ የሚታየው ዙር ነው። ሙሉ ነዳጅ ሰጥተህ ሞተሩ ታፍኖ፣ ዙሩ ዝቅ እንዳለ ጀልባዋ ካልሄደች ችግሩ የጉልበት ነው፦ ፒቹ በዝቷል፣ ጭነቱ በዝቷል ወይም ሞተሩ ደክሟል። ዙሩ ወጥቶ ፍጥነት ካልመጣ ግን ሞተሩ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ጉልበቱ ነው ውሃው ጋ ያልደረሰው። ይህ የሚሆነው በሦስት ምክንያት ነው፦ አየር በመሳብ፣ በካቪቴሽን፣ ወይም የፕሮፔለሩ የመሃል ጎማ ተላቆ በመንሸራተቱ። «ዙር ከበዛ ፒች ጨምር» የሚለው ምክር ልክ የሚሆነው ፕሮፔለሩ ውሃ በደንብ ይዞ፣ ጀልባዋ በሙሉ ፍጥነት እየሄደች ዙሩ ከተፈቀደው ሲያልፍ ብቻ ነው። እናንተ ጋ ዙሩ የበዛው ፕሮፔለሩ የሚይዘው ውሃ ስላጣ ነው። መኪና ጭቃ ውስጥ ገብቶ ጎማው በባዶ ሲሽከረከር ነዳጅ መጨመር እንደማያወጣው ሁሉ፣ እዚህም ነዳጅ መጨመር አየሩን ያበዛዋል እንጂ ጀልባዋን አያነሳትም።

አየሩ ለምን እንደሚገባ ላስረዳህ። ፕሮፔለር ሲሽከረከር የእያንዳንዱ ክንፍ የኋላ ፊት ውሃውን ይገፋል፣ የፊት ፊቱ ደግሞ ይስባል። በሚስበው በኩል ግፊቱ በጣም ይወርዳል። ፕሮፔለሩ ከውሃው ወለል ያለው ጥልቀት ትንሽ ከሆነ፣ ያ ዝቅተኛ ግፊት ከላይ ያለውን አየር በቀጭን ጠመዝማዛ መስመር ወደ ታች ይጎትተዋል። ውሃ ከአየር ከ800 ጊዜ በላይ ይከብዳል፤ ስለዚህ ክንፉ በከፊል አየር ሲነካ የሚገፋው ነገር ያጣል። ግፊቱ ሲጠፋ ሞተሩ ላይ ያለው ጫናም አብሮ ስለሚቀንስ ዙሩ በቅጽበት ይተኮሳል። ዙሩ ሲጨምር መሳቡም ይጨምራል። አንዴ አየር ከያዘ ነዳጅ ሳይቀነስ በራሱ የማይለቀው ለዚህ ነው።

ካቪቴሽን ከዚህ የተለየ ነው። እዚያ ከውጭ የሚገባ አየር የለም፤ ግፊቱ ከመጠን በላይ ሲወርድ ውሃው ራሱ ሳይሞቅ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፣ አረፋው ክንፉ ላይ ሲፈነዳም ብረቱን ይበላዋል። መለያው ቀላል ነው፦ ክንፉ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል፣ ሻካራ የተቆረጠመ ቦታ ካለ ካቪቴሽን ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ፊት ለፊት ጠርዙ ላይ የተሰነጠቀ ወይም የታጠፈ ነገር ታገኛለህ። አየር መሳብ እንዲህ ያለ ቁስል አይተውም።

ችግሩ ስትነሳ የሚብሰው ለምንድን ነው? ለእናንተዋ ዓይነት ጀልባ ከባዱ ቦታ በግምት በሰዓት ከ10 እስከ 20 ኪ.ሜ. መካከል ነው። ከዚያ በታች ጀልባዋ ውሃ እየገፋች ትንሳፈፋለች፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ውሃው ከሥር ደግፏት ላዩ ላይ ትንሸራተታለች፤ «ተነሳች» ወይም «ወጣች» የምንለው ይህንን ነው። መሃሉ ላይ ግን ራሷ የፈጠረችውን ማዕበል መውጣት አለባት፦ አፍንጫዋ ይነሳል፣ ኋላዋ ይዘቅጣል፣ የውሃው መከላከል ይከብዳል፣ ፍጥነቱ ግን ገና ትንሽ ነው። ፕሮፔለሩ ሙሉ ጉልበት ተቀብሎ በቀስታ በሚያልፍ ውሃ ላይ ሲሠራ ክንፎቹ ከሁሉም ጊዜ በላይ ይጫናሉ፣ መሳባቸውም ያኔ ይከፋል። ትንሽ የአየር ቀዳዳ ካለ የሚጋለጠው እዚያ ነው። 3 ሰው ሆናችሁ ያን ጉብታ ሳትቆዩበት ታልፉታላችሁ፤ 8 ሰው ሲሆን እዚያው ትቀራላችሁ። ስትዞሩ ደግሞ ጀልባዋ በጎኗ ስለምታጋድልና ሞተሩ ስለሚዞር ፕሮፔለሩ ወደ ወለሉ ይቀርባል። ሁለቱም ምልክቶች ከአንድ ምንጭ ናቸው።

አሁን ወደ ልኬቱ። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችውን ጠፍጣፋ ሰሌዳ ፕሌት እንበላት፤ ሥራዋ አየር ከላይ እንዳይወርድ መክደን ነው። ጀልባዋን ደረቅ መሬት ላይ አውጥታችሁ፣ ሞተሩን በነጂ ቦታው አውርዳችሁ፣ 2 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ ከሆዷ መሃል ሥር፣ ዝቅተኛው ቦታ ላይ አስደግፉና ወደ ኋላ እስከ ሞተሩ አስረዝሙት። ከዘንጉ የላይኛ ጠርዝ እስከ ፕሌቷ ያለውን በሜትር ለኩ። ለእናንተ ጀልባ ፕሌቷ ከዘንጉ ጋር እኩል ወይም እስከ 25 ሚ.ሜ. ዝቅ ያለች መሆን አለባት። ከሆዷ በላይ ከሆነች፣ በ1 ሳ.ሜ.ም ቢሆን፣ የመንገደኛ ጀልባ ላይ ችግር ልትፈጥር ትችላለች። በጣም ዝቅ ማለቷም ጥሩ አይደለም፤ የውሃ መጎተት ይጨምራል፣ ጀልባዋ ትከብዳለች፣ ውሃም ወደ ላይ ይረጫል።

አጭር እግር ማለት 38 ሳ.ሜ. (15 ኢንች) ያህል ነው፤ ረጅሙ 51 ሳ.ሜ. (20 ኢንች) ነው። ሞተሩ የሚንጠለጠልበት የኋላ ሳንቃ፣ ትራንሰሙ፣ ከላይ ጫፉ እስከ ሆዷ ታች ድረስ ስንት እንደሆነ ለካ። 38 ወይም 39 ሳ.ሜ. ከሆነ ሞተሩና ጀልባዋ ይስማማሉ፤ ጥፋተኛው እንጨቱ ብቻ ነው። 5 ሳ.ሜ. እንጨት ፕሌቷን ከሆዷ በላይ አውጥቷታል። አውጡት። ሞተሩ 75 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ሁለት ሰው ይያዘው፣ ከመፍታታችሁ በፊትም በገመድ ከጀልባዋ ጋር እሰሩት። ስትመልሱት የማጥበቂያ እጆቹ ብቻ አይበቁም፤ ትራንሰሙን በስተው የሚያልፉ ሁለት የማይዝግ ቡሎኖች ከዋሸርና ራሱን ከሚቆልፍ ዳዶ ጋር ይግቡ። የድሮ ቀዳዳዎችን ውሃ በማያስገባ የጀልባ ማሸጊያ ድፈኑ፤ ውሃ ትራንሰሙ ውስጥ ገብቶ እንጨቱን ካበሰበሰው ትልቅ ጣጣ ነው።

ትራንሰሙ 50 ሳ.ሜ. ገደማ ሆኖ ከተገኘ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለረጅም እግር በተሠራ ጀልባ ላይ አጭር እግር ሞተር ተገጥሟል ማለት ነው፤ እንጨቱን ማውጣት አያድነውም። ትራንሰሙን ቆርጦ ማውረድ የሚታሰብ ነገር አለ፤ እኔ አልመክርም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ላይ የሚመጣውን ሞገድ ታውቀዋለህ፤ 8 ሰው ጭኖ ኋላው 38 ሳ.ሜ. ብቻ የቀረ ጀልባ ድንገት ሲቆም የራሱ ማዕበል ከኋላ ይገባበታል። ረጅም እግር ሞተር መለወጥ፣ ወይም ለሞተሩ ሞዴል የተሠራ ማራዘሚያ እግር ማስገባት ይሻላል።

እንጨቱ የገባበት ምክንያት ደግሞ መልስ ይፈልጋል፤ ዳር ላይ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፣ ሣርም አለ። ብዙዎቹ ሞተሮች ለጥልቀት አነስተኛ ውሃ እግሩን ከፊል አንስቶ የሚይዝ መቆለፊያ አላቸው። በሱ በዝግታ፣ ዙሩን ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው ከሚዞርበት ብዙም ሳታስበልጥ ውጣ፤ ውሃው 1 ሜትር ሲሆን አውርደው። በዚያ ቦታ ነዳጅ መስጠት ክልክል ነው፤ ፕሮፔለሩ አየር ይስባል፣ የማቀዝቀዣው ውሃ መግቢያም ከውሃ ሊወጣ ይችላል። በነገራችን ላይ ሞተር ከፍ ብሎ ሲታሰር ይህ ሁልጊዜ አብሮት የሚመጣ አደጋ ነው፦ ከሞተሩ ጎን እንደ ቧንቧ የሚፈሰው ቀጭን ውሃ ስትነሱ ከተቆራረጠ ወዲያው አቁሙ፤ ሞተሩ ሊቃጠል ነው።

ከፍታው ልክ ሆኖም አየር ከቀጠለ ሆዷን ገልብጣችሁ እዩ። እዚህ በአገር ውስጥ የሚሠሩ የፋይበር ጀልባዎች ብዙዎቹ መሃላቸው ላይ ከአፍንጫ እስከ ትራንሰም የሚዘልቅ ኪል (ከሆድ ወደ ታች የወጣ ቀጭን ጠርዝ) አላቸው፤ አሸዋ ላይ ሲጎተቱ ሆዳቸው እንዳይፋቅ ይጠቅማል። ኪሉ ትራንሰሙ ላይ እንደተቆረጠ ካለቀ ግን ከኋላው የአረፋ መስመር ይፈጥራል፤ ያ መስመር ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደ ፕሮፔለሩ ነው። መፍትሔው የመጨረሻውን ከ40 እስከ 60 ሳ.ሜ. ቀስ በቀስ እያሳነሱ ትራንሰሙ ጋ ሲደርስ ከሆዷ ጋር እኩል ማድረግ ነው። ጠርዙን በፋይበርና ረዚን መልሳችሁ ማሸግ አትርሱ። ከኪል ሌላ ከፕሮፔለሩ መሃል መስመር ግራና ቀኝ 30 ሳ.ሜ. ውስጥ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ክዳን፣ ብቅ ያለ ቡሎን፣ የተላጠ ፋይበር፣ የጥልቀት መለኪያ ካለ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ቡሎን ብቅ ብሎ 1 ሳ.ሜ. ቢሆን እንኳ በፍጥነት የሚተወው የአረፋ ጅራት ረጅም ነው።

አሁን ፕሮፔለሩን አውርዱት። መጀመሪያ የሻማዎቹን ገመድ ንቀሉ፤ ማርሹ ላይ እያለ በእጅ የተዞረ ፕሮፔለር ሞተሩን ሊያስነሳው ይችላል። የዳዶውን መቆለፊያ ፒን አውጡ፣ በፕሮፔለሩና በፕሌቷ መካከል ጣውላ አስገብታችሁ ዳዶውን ፍቱ። ዘንጉ ላይ የዓሣ መረብ ክር ተጠምጥሞ ብታገኙ አይግረማችሁ፤ የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል አካባቢ የሚሠሩ ጀልባዎች ላይ የሚጠበቅ ነው። ናይለኑ ከፕሮፔለሩ ኋላ ተደብቆ ሙቀት ሲያገኝ የዘንጉን የዘይት መከላከያ ጎማ ይቆርጠዋል፤ የማርሽ ዘይቱ ነጣ ብሎ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል ማለት ነው።

ዘንጉ ላይ ከፕሮፔለሩ በፊት የሚገባ ወፍራም የግፊት ቀለበት አለ። አንዳንድ ጊዜ ሲፈታ ይጠፋና በምትኩ የሌላ ሞዴል፣ ከልኩ የወፈረ፣ ይገባበታል። ያኔ በማርሽ ቤቱና በፕሮፔለሩ መካከል ሰፊ ክፍተት ይፈጠራል። ጭሱ በፕሮፔለሩ መሃል አልፎ ከኋላ መውጣት ሲገባው በዚያ ክፍተት አምልጦ ክንፎቹ ላይ ይፈስሳል፤ ፕሮፔለሩ የሞተሩን ጭስ ይስባል። በፕሮፔለሩ የኋላ አፍ ዙሪያ ያለውን ወደ ውጭ የተዘረጋ ከንፈርም እዩ። ሥራው ጭሱን ከክንፎቹ ማራቅ ነው፤ ድንጋይ መትቶ ቁራሽ ከጎደለው ጭሱ ወደ ፊት ተመልሶ ይሳባል። ይህ ጉድለት ዓይን ውስጥ ስለማይገባ ሰዎች ከፍታውን ሲያስተካክሉ ከርመው አያገኙትም። ወደ ኋላ ስትነዱ ጉልበት ማጣቱ ግን ብልሽት አይደለም፤ ያኔ ፕሮፔለሩ የራሱን ጭስ መሳቡ አይቀርም።

የመሃል ጎማውን ለመፈተን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ፕሮፔለሩን ከኋላ ስታዩት ውስጥ የነሐስ እጅጌ፣ ዙሪያውን ጎማ፣ ከዚያ የፕሮፔለሩ አካል አለ። ከነሐሱ ጀምሮ ጎማውን አቋርጦ እስከ አካሉ ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በዘይት ቀለም አስምሩ። ይድረቅ። 8 ሰው የሚመዝን ጭነት ይዛችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ሙሉ ነዳጅ ስጡና አውርዳችሁ እዩ። መስመሩ ተሰብሮ ሁለቱ ጫፎች ከተራራቁ ጎማው እየተንሸራተተ ነው፤ አየርም ቁመትም አይመለከታችሁም፣ ጎማው ይቀየራል። ጎማ መንሸራተትን ከአየር የሚለየው ሌላ ነገር አለ፦ አየር በከፊል ነዳጅ ይለቃል፣ ስትዞሩ ይብሳል። ጎማ ግን ቀጥ ብለህ ስትሄድም ያው ነው፣ ሲሞቅም ይከፋል።

ክንፎቹን በጣት ዳስሱ። የፊት ጠርዙ ላይ ያለ ትንሽ ጉድፍ በሞረድ ማለስለስ ይቻላል፤ ጠርዙን ግን እንደ ቢላ አታሹሉት። የኋላ ጠርዙ ላይ ወደ ሚገፋው ፊት በትንሹ የታጠፈች ከንፈር ካለች ከፕ ትባላለች፤ ፕሮፔለሩ ውሃ አጥብቆ እንዲይዝ ታደርጋለች። አሸዋ ሲፈጫት ትጠፋለች፤ ፕሮፔለሩም ጤነኛ እየመሰለ አየር መሳብ ይጀምራል። ልምድ ያለው ጠጋኝ ከፕ ሊመልስለት ይችላል፤ ዙሩ ከ150 እስከ 300 እንደሚወርድ ግን ከወዲሁ ታሳቢ አድርጉ። ሦስቱን ክንፎች ከጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ የየጫፋቸውን ከፍታ ለኩ፤ አንዱ በ3 ሚ.ሜ. ከተለየ ተጣሟል።

ይህ ሁሉ ሲጠናቀቅ ቀሪው የሞተሩ ዘንበል ማለት ነው። በመንጠልጠያው ላይ እግሩ የሚያርፍበት ፒን አለ፤ ብዙ ቀዳዳዎች አሉት። ፒኑ ወደ ውጭ በሄደ ቁጥር ፕሮፔለሩ ወደ ወለሉ ይቀርባል፣ አፍንጫዋንም ያነሳል። ለመንገደኛ ሥራ ከትራንሰሙ ከቅርቡ ቀዳዳ ጀምራችሁ አንድ አንድ ብቻ ወደ ውጭ ሞክሩ። ልኩ፣ ጀልባዋ ወጥታ ስትንሸራተት ፕሌቷ ከውሃው ወለል ጋር ትይዩ የምትሆንበት ነው። ወደ ውስጥ ከበዛ አፍንጫዋ ውሃ ያርሳል፣ መሪውም ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፤ ይህ በተለይ ከኋላ ሞገድ ሲመጣ አደገኛ ነው።

አየር ሲይዝ የሚደረገው አንድ ነው፦ ነዳጁን ወዲያውኑ በግማሽ ቀንስ፣ ዙሩ ወርዶ ጀልባዋ ስትጎተት ፕሮፔለሩ ውሃ መያዙን በእጀታው ላይ ትሰማዋለህ፣ ከዚያ በዝግታ ጨምር። ሙሉ ነዳጅ ይዞ እስኪለቅ መጠበቅ ሁለት ጉዳት አለው። ዙሩ ከተፈቀደው አልፎ ሞተሩን ያደክማል፤ ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ፕሮፔለሩ በዚያ ዙር ላይ እያለ በድንገት ውሃ ሲይዝ ጀልባዋ ተፈናጥራ ትሄዳለች። መነሻ ላይ የቆመ ሰው ካለ ከጀልባዋ ይወድቃል። ስለዚህ ሁሉም ተቀምጠው፣ የሕይወት ጃኬት ለብሰው፣ ነጂው የሞተር ማጥፊያውን ገመድ እጁ ላይ አስሮ ብቻ ነው ነዳጅ የሚሰጠው። ጭነቱን ወደ መሃል አቅርቡት፤ ከኋላ መቀመጫ ላይ 4 ሰው ደርድራችሁ ፊቱን ባዶ አትተዉ። ፊትንም ከመጠን በላይ ማክበድ ኋላዋን ያነሳና ፕሮፔለሩን ያጋልጣል።

አሁን የጭነቱ ጉዳይ። ሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ በግምት 3 በመቶ ጉልበት ይቀንሳል፤ እዚህ ስንደርስ ከ15 እስከ 17 በመቶ ነው። የእናንተ 40 ፈረስ ጉልበት እዚህ በተግባር 33 ገደማ ነው። ጀልባ በቀላሉ እንድትወጣ ለአንድ ፈረስ ጉልበት በጠቅላላ ክብደት ከ20 እስከ 23 ኪሎ ይመቻል፤ 25 ላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ 30 ከደረሰ ብዙ ጊዜ አትወጣም። ሰውን 70 ኪሎ ብንለው፣ ጀልባዋ 350፣ ሞተሩ 75፣ ነዳጁ 25፦ 3 ሰው ሲኖር 660 ኪሎ ማለት 20 ኪሎ በፈረስ ጉልበት ነው። 5 ሰው 800፣ ወደ 24 ይመጣል። 8 ሰው ሲሆን 1,010 ኪሎ፣ ከ30 በላይ ነው። ስለዚህ አየሩን ጨርሳችሁ ብትዘጉ 8 ሰው ይዛ ላትወጣ ትችላለች። በዚያ ጭነት በሰዓት 9 ኪ.ሜ. ገደማ በዝግታ መሄድ ነው የሚያዋጣው፤ ጉብታው ላይ እየታገሉ በሙሉ ነዳጅ መሄድ ግን ቤንዚኑንም ሞተሩንም መጨረስ ነው።

ከዚህ የተነሳ 13 ኢንቹ ለእናንተ ትክክል አይደለም። የጉልበት መቀነሱ ራሱ አነስተኛ ፒች ይጠይቃል። 1 ኢንች ፒች በግምት ከ150 እስከ 200 ዙር ይቀይራል። ወደ 11 ተመለሱ። አየሩ ከተዘጋ በኋላ በ5 ሰው ሙሉ ነዳጅ ዙሩ ከ5,000 በታች ከሆነ 10 ኢንች ይሞከር፤ የብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሞተሮች የሙሉ ነዳጅ ክልል ከ4,500 እስከ 5,500 ነው፣ የእናንተን በመመሪያው አረጋግጡ። ባለ አራት ክንፍ ፕሮፔለር በአነስተኛ ፍጥነት ጀልባዋን ላይ ያቆያል፣ አየርንም ይቋቋማል፤ ከከፍተኛው ፍጥነት ትንሽ ይወስዳል። ለመንገደኛ ሥራ ይህ ኪሳራ አይደለም።

ካርቡሬተሩም ከፍታውን ያያል። ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ሞተር እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ሻማው ጥቁርና እርጥብ ይሆናል። በመመሪያው ለከፍታ የተጻፈውን አነስ ያለ ዋና ጀት (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ብረት) ማስገባት ይቻላል። ከተጻፈው በታች አትውረዱ፤ ቤንዚን ያነሰው ሁለት ስትሮክ ፒስተኑን ያቃጥላል። ሞተሩ አንድ ቀን ወደ አርባ ምንጭ ሐይቆች ከሄደ፣ እዚያ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ የጀቱ ነገር እንደገና ይታይ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አየር ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። ከክንፎቹ ሥር ትንንሽ ቀዳዳ ያላቸው ፕሮፔለሮች አሉ። መነሻ ላይ በቀዳዳዎቹ ጥቂት ጭስ እየወጣ ክንፎቹን ስለሚያቀልላቸው ሞተሩ ፈጥኖ ጉልበቱ ያለበት ዙር ላይ ይደርሳል፤ ፍጥነት ሲመጣ የሚያልፈው ውሃ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ከታች ዙር ላይ ለሚታፈን ሞተር፣ በተለይ ጉልበት በሚቀንስበት በዚህ ከፍታ፣ ጠቃሚ ነው። ለእናንተ ግን አሁን አይደለም፤ ሞተራችሁ እየታፈነ ሳይሆን እየጮኸ ነው። በድሪል ራሳችሁ ቀዳዳ እንዳትበሱ፤ ቦታውና ስፋቱ ከተሳሳተ ፕሮፔለሩ ተመልሶ አይስተካከልም። ፕሌቷ ላይ የሚታሰረውን የፕላስቲክ ክንፍም ከፍታው ሳይስተካከል አትግዙ።

ፈተናውን ሐይቁ ጸጥ ባለበት ጠዋት፣ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው፣ ከመረብና ከጉማሬ ቦታ ርቃችሁ አድርጉት። ሰው አትጫኑ፤ 20 ሊትር ጀሪካን በሐይቅ ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፣ ለአንድ ሰው ሦስት ተኩል ጀሪካን ቁጠሩ። ቦታቸው መንገደኛ በሚቀመጥበት ይሁን፣ እንዳይንሸራተቱም እሰሯቸው። ዙር ለመለካት በሻማ ገመድ ላይ የሚጠቀለል ትንሽ ዲጂታል መለኪያ ይበቃል፤ ብዙዎቹ ሁለት ስትሮክ ሞተሮች ላይ «በአንድ ዙር አንድ ብልጭታ» በሚለው ይስተካከላል። ፍጥነቱን በስልክ ጂፒኤስ፣ ወደ ነፋስ አንዴ፣ ከነፋስ ጋር አንዴ ሄዳችሁ አማካዩን ውሰዱ።

ከዚያ የፕሮፔለሩ መንሸራተት ይሰላል፦ ዙሩን ለማርሽ ሬሾው (ፕሮፔለሩ አንዴ እስኪዞር ሞተሩ ለሚዞረው ቁጥር) አካፍል፣ በፒቹ ኢንች አባዛ፣ በ0.001524 አባዛ። የሚመጣው ፕሮፔለሩ ምንም ሳይንሸራተት ቢሄድ የሚኖረው ፍጥነት በሰዓት ኪ.ሜ. ነው፤ የጂፒኤሱ ፍጥነት ከዚህ በስንት በመቶ ካነሰ፣ መንሸራተቱ ያ ነው። ሬሾው 2.00፣ ፒቹ 11፣ ዙሩ 5,200 ከሆነ 43.6 ይመጣል። ጂፒኤሱ 36 ካለ መንሸራተቱ 17 በመቶ ነው፤ ይህ ጤነኛ ነው፣ ወጥታ ለምትሄድ እንዲህ ያለች ጀልባ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይጠበቃል። ዙሩ 5,500 ሆኖ ጂፒኤሱ 13 ካለ ግን መንሸራተቱ 72 በመቶ ነው። ጉብታው ላይ ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ማለቱ ያለ ነገር ነው፤ እዚያው ከቆየ ግን አየር ወይም ጎማ ነው።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ እንጨቱን አውጥታችሁ በዚያው ቀን ፒኑንም ፕሮፔለሩንም ከቀየራችሁ የቱ እንደሠራ አታውቁም። መጀመሪያ እንጨቱ ወጥቶ 11 ኢንቹ ይመለስ፣ እሱ እንደ አንድ መነሻ ይቆጠር። ከዚያ በ3፣ በ5 እና በ8 ሰው ክብደት ፈትናችሁ እነዚህን ጻፍልኝ፦ የትራንሰሙ ቁመት፣ ፕሌቷ ከሆዷ ጋር ያላት ልዩነት በሚ.ሜ.፣ የማርሽ ሬሾው፣ በየጭነቱ ሙሉ ነዳጅ ላይ ዙርና ፍጥነት፣ እና ኪሉ ትራንሰሙ ጋ እንዴት እንዳለቀ የሚያሳይ ፎቶ።